ስለ ወይዘሮ ማናልሞሽ ሁለት ከረጢት ደም

ሚያዝያ 11 ቀን 2002 ዓ.ም.
ሸኮ

ለክቡር የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና ይስጥልኝ እያልኩ፣ በተለይ የዳሌዎ አጥንት፣ የቀኙም የግራውም፣ በያለበት ጸንቶ እንዲኖርልዎ ከልብ እመኛለሁ፤ ይህን የምለው ለደብዳቤ ወግ ያህል ሳይሆን ቢሰበር ወዴት እንደሚወሰዱ ስለማውቅ ነው። እኔ ደህና ነኝ። እናቴም በእናንተ መዝገብ መሠረት ከኅዳር 24 ቀን ጀምሮ አርፋለች፤ በቤቷ ግን ይህን በምጽፍበት ሰዓት ከወዲያኛው ክፍል ውሃ እየጠየቀችኝ ነው።

የሆስፒታሉን ስም አልጻፍኩትም። የአካባቢያችን ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል፤ የሩቅ አገር ሰውም የራሱን ከተማ ሆስፒታል ስም ቢያስገባበት ብዙ የሚቸገር አይመስለኝም። ጉዳዬን በቁጥር ለያይቼ አቀርባለሁ፤ መሥሪያ ቤትዎ ቁጥር አክባሪ መሆኑን በደንብ ተምሬአለሁና።

1. ስለ አስር ቁጥር

እናቴ ወይዘሮ ማናልሞሽ ወልደጻድቅ የሰባ አንድ ዓመት ሴት ነች። ኅዳር 16 ቀን ከቀትር በኋላ ሳይታሰብ ዝናብ ሲጥል፣ በማድረቂያው አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና በሸራ ልትሸፍን ስትሮጥ ጭቃው አዳልጧት በግራ ጎኗ ወደቀች። ደርሼ ላነሳት ስሞክር መጀመሪያ የጠየቀችኝ ቡናው መሸፈኑን ነው። ጎረቤቶቻችን ወጌሻ እንጥራ አሉ፤ እኔ ግን ፊደል የቆጠርኩ እንደመሆኔ፣ ሆስፒታል እያለ ምን ወጌሻ ብዬ ተቆጣኋቸው። በዚያ ቁጣዬ እስካሁን ማንም ፊት ለፊት አላሾፈብኝም፤ ለትዕግሥታቸው አመሰግናቸዋለሁ።

ሆስፒታልዎ ያደረገላትን አልክድም። በማግሥቱ ራጅ ተነሳች፤ የዳሌዋ አጥንት አንገቱ ላይ መሰበሩ ታወቀ፤ አሸዋ የተሞላ የዘይት ጀሪካን በገመድ ታስሮ እግሯን እንዲጎትት ተደረገ። በሦስት ወር አንዴ ለአምስት ቀን ብቻ ከአዲስ አበባ የሚመጡት የአጥንት ሐኪም በሚቀጥለው ሰኞ እንደሚገቡ ተነገረን፤ ለእናቴም የረቡዕ ተራ ተያዘላት። ያን ቀን ለአንድ ሰዓት ያህል ዕድለኞች ነበርን።

ከዚያ የደሟ ቁጥር መጣ። ዘጠኝ ነጥብ አንድ ነበር። በደም ክፍሉ በር ላይ፣ ቁጥሩ ከአስር በታች የሆነ በሽተኛ ሁለት ከረጢት ደም ሳይወስድ ወደ ቀዶ ጥገና እንደማይገባ በወፍራም እስክሪብቶ ተጽፎ ተለጥፏል። ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደተጻፈ፣ ለየትኛው በሽታ እንደተጻፈ ጠይቄ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም፤ ከእርስዎ በፊት የነበሩት ሥራ አስኪያጅም ተለጥፎ እንዳገኙት ሰምቻለሁ። ቁጥሩ ጨምሮ እንደሆነ ለማየት በየጠዋቱ ከክንዷ ደም ይቀዳ ነበር፤ በአራተኛው ቀን ስምንት ነጥብ ዘጠኝ ሆኖ ሲገኝ የላብራቶሪው ባለሙያ በጣም ተገረመ። እናቴ አልተገረመችም። «በየቀኑ እየወሰዱ እንዴት ብሎ ይጨምር?» ስትለኝ፣ ትምህርት ቤት ያልገባች ሴት በሕክምና ሥራ ጣልቃ እንዳትገባ መክሬአታለሁ።

2. ስለ ምትክ ደም

ለአንድ ከረጢት ሁለት ሰው፣ ለሁለት ከረጢት አራት ሰው እንዳመጣ ታዘዝኩ። ደም ከቧንቧ እንደማይቀዳ ስለማውቅ በዚህ አልተከፋሁም። እንዲያውም የደም ክፍሉ ሠራተኛ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ፣ ከእናቴ ደም ጋር ተመሳክረው ስሟ የተጻፈባቸውን ሁለት ከረጢቶች አሳየኝ፤ አራቱ ሰዎች በተሟሉ ደቂቃ ወደ ክንዷ እንደሚሄዱም ቃል ገባልኝ። ያን ቀን የስሟን አጻጻፍ እንኳ አልተሳሳቱም ነበር።

አንደኛው ሰው እኔ ነኝ። ሁለተኛው፣ ከጅማ መጥቶ በሰፈራችን ሱቅ የከፈተው ጎረቤታችን ሻሚል፣ ሱቁን ዘግቶ መጣ፤ መርፌውን ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ «ስማ ይትባረክ፣ ለእማማ ሆኖብኝ እንጂ ለአንተ ቢሆን ንቅንቅ አልልም ነበር» አለኝ። ሦስተኛ ልትሆን የመጣችው ባለቤቴ ስትመረመር የራሷ ቁጥር ከእናቴ አንሶ ተገኘ፤ በቤታችን ከሴቶቹ ደም የተረፋት እናቴ መሆኗን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

ሁለት ሰው ጎደለ። ክቡርነትዎ አገራችንን ያውቃሉ፤ በኅዳር ወር እግርና እጅ ያለው ሁሉ ቡና ለቀማ ላይ ነው። በመንገድ ያገኘሁት ሁሉ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ቡናው ይውረድልኝና እመጣለሁ አለኝ። ደም ክፍሉ ደግሞ ደም የሚቀበለው ማክሰኞና ሐሙስ እስከ አምስት ሰዓት ብቻ ነው። ማክሰኞ አለፈ። ረቡዕ የእናቴ ተራ ደርሶ አስር ባልሞላ ደሟ ምክንያት ሌላ ሰው ገባበት። የቀረን ሐሙስ ጠዋት ነበር፤ ሐኪሙ የሚሠሩትም እስከ ዓርብ ነው።

3. ስለ እድራችን

በዚህ ቁጥር ሥር ያለው ጥፋት የራሳችን ነው፤ የሆስፒታሉ ብቻ አስመስዬ ብጽፍ ስለሚያሳፍረኝ እንዳለ አስፍሬዋለሁ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የሰፈራችን እድር ሰብሳቢ አቶ ሳህሉ ዘንድ ሄጄ ሁለት ሰው እንዲያዙልኝ ለመንኳቸው። ደንቡን አውጥተው አነበቡልኝ። አባላትን ከሥራቸው አስነስቶ ማዘዝ የሚቻለው ለቀብር ብቻ ነው፤ የታመመን አባል መጠየቅ በየሰው ፈቃድ ነው። «ወንድሜ፣ ደንቡ የተጻፈው ለሞተ እንጂ ለተሰበረ አይደለም» አሉኝ። አዝነው ነው ያሉት። ከዚያ መላ አመጡ፤ ጥሩምባ ይነፋል፣ ሰው እድሩ ቤት ይሰበሰባል፣ ከተሰበሰበ በኋላ እሳቸው ተነስተው እውነቱን ይነግሩታል። «ለቅሶ ብሎ መጥቶ፣ አይ፣ አለች፣ ደም ብቻ ነው የሚፈለገው ሲባል የሚቆጣ ሰው አለ እንዴ?» አሉኝ። እኔም ትንሽ አስቤ ተስማማሁና ወደ ሆስፒታል ተመለስኩ።

ጥሩምባችንን ሃያ ዓመት የነፋው እንድርያስ ነው። ሐሙስ ጠዋት እንዲለፍፍ የታዘዘው፣ የወይዘሮ ማናልሞሽ ቤተሰብ ስለሚፈልጋችሁ እድሩ ቤት ተሰብሰቡ የሚል ነው፤ አንዲት ቃል እንዳልጨመረ ዛሬም ይምላል፤ አምነዋለሁ። ነገር ግን በእኛ ሰፈር ከጥሩምባውና ከስሙ በኋላ ያለውን የሚሰማ ሰው የለም። ሰው ሁሉ ቅርጫቱን ቡናው ሥር ጥሎ ወጣ። እናቴ ሆስፒታል እንደተኛች ስለሚያውቅም እድሩ ቤት የሄደ አንድም አልነበረም፤ ቡና ጫኝ አይሱዙ መንገድ ላይ አስቁመው፣ አስከሬኗን ሊያመጡ ቀጥታ ወደ እናንተ መጡ። አቶ ሳህሉ ያዘጋጁትን ንግግር ይዘው እድሩ ቤት ደጃፍ ላይ ብቻቸውን ቆመው ቀሩ።

4. ስለ ካርድ

ሠላሳ አንድ ነበሩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከበሩ ጀምረው አለቀሱ። ዘበኛው ማን እንደሞተ ጠየቀ፤ ማናልሞሽ አሉት፤ ቆቡን አውልቆ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አስገባ። እኔ ስምንት ቀን ሙሉ ገንፎ ይዤ በዚያ በር ለመግባት ስለማን ስለነበርኩ፣ ለሙታን የሚሰጠውን ክብር በዚህ አጋጣሚ ሳላደንቅ አላልፍም።

በዚያች ሰዓት እናቴ አልጋዋ ላይ አልነበረችም። ተረኛው ሐኪም ሌላ ራጅ ስላዘዙ፣ በሚገፋው አልጋ ላይ አድርጌ እየገፋሁ ወስጃት ነበር። ተረኛ ነርሶች እየተቀያየሩ ነበር፤ የገባችው ሲስተር ዲቦራ ባዶ አልጋና በዙሪያው ደረቱን የሚመታ ሕዝብ አገኘች። ካርዱ ላይ ሰው ሁሉ የሚለውን ጻፈች። ደግ ልጅ ነች፤ በኋላ ስታለቅስ አይቻታለሁና አልፈርድባትም። ካርዱ ወደ ካርድ ክፍል ሄዶ ተዘጋ፤ ደም ክፍሉም ተነገረውና ሁለቱ ከረጢቶች ለሌላ ሰው ተለቀቁ። የሌሎቹን ጉዳዮች ዝግታ ለማውቀው ለእኔ፣ ይህ ሁሉ ከሃያ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መጠናቀቁ ይደንቀኛል።

ከራጅ ስንመለስ እናቴ ጎረቤቶቿ በአልጋዋ ዙሪያ ሲያለቅሱ አየች። ራሷን ቀና አድርጋ፣ «ማን ሞተ?» አለች። የተነሳውን ጩኸት መግለጽ አልችልም፤ አንዲት ሴት ወለሉ ላይ ተዘረጋች። እናቴ አንድ በአንድ ካየቻቸው በኋላ፣ «እና ቡናው ላይ ማን ቀረ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

እውነቱን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። አቶ ሳህሉ ልክ ነበሩ፤ የተቆጣ አልነበረም። አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቁ፣ ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው ደም ክፍሉ ፊት ተሰለፉ። ሰዓቱ አራት ተኩል ነበር። ሁለት ሰው ፍለጋ ስንከራተት የሰነበትኩት እኔ፣ ሠላሳ አንድ ሰው ክንዱን ገልጦ ተሰልፎ አየሁ። በሕይወቴ ከዚያ የሚበልጥ ነገር ያየሁ አይመስለኝም።

ሠራተኛው ለማን እንደሆነ ጠየቀ። ነገሩት። መዝገቡን አየና፣ አርፈዋል፣ ለአረፈ ሰው ምትክ አንቀበልም አለ። እኔም አልጋውን እየገፋሁ እናቴን እስከ መስኮቱ አመጣኋት። እሷም፣ «እንደምን አደርክ ልጄ» አለችው። እሱም ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን እማማ፣ እንዴት አደሩ?» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ ያለ ካርድ ምንም ማድረግ እንደማይችል ነገረኝ። በትሕትና ነው የነገረኝ። አምስት ሰዓት ሲሆን መስኮቱ ተዘጋ፤ አይሱዙውም ሕዝቡን ከነደሙ ይዞ ተመለሰ።

ሁለቱ ከረጢቶች የሄዱት በወሊድ ደሟ እየፈሰሰ ለመጣች ዘይቱ ለምትባል ሴት ነው። ሴትዮዋ ድናለች፤ ልጇን መርዋ ብላታለች። ይህንን በቅሬታነት ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ስለዚህ በዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም።

5. በሕይወት ስለ መኖር ማስረጃ

ካርድ ክፍሉ እናቴ በሕይወት መኖሯን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ከቀበሌ እንዳመጣ ጠየቀኝ። ራሷን ላምጣላችሁ ብል በቂ እንዳልሆነ ተገለጸልኝ። የቀበሌው ሊቀመንበር ሥልጠና ላይ ስለነበሩ ማኅተሙ የተገኘው ቅዳሜ ነው።

በመሃሉ ዓርብ ነበረ። የአጥንት ሐኪሙ ሊሄዱ ሲሉ በሽተኞቻቸውን ለመሰናበት በክፍሉ ሲያልፉ እናቴን አዩና፣ «እማማ፣ እርስዎ ለምን አልገቡም?» አሏት። ቁጥሩን ነገርኳቸው። ልቧን አዳመጡ፣ የዓይኗን ቆብ ገልበጥ አድርገው አዩ፣ ከዚያ ወደ ነርሷ ዞረው፣ «እኔ እኮ እንዲህ ያሉ አሮጊቶችን ልባቸው ደህና ከሆነ በስምንትም እሠራለሁ፤ የሚጎዳቸው መተኛቱ ነው። ይህን ደም ማን ጠየቀ?» አሉ። ነርሷ በኮሪደሩ ማዶ በደም ክፍሉ በር ላይ ያለውን ወረቀት አየች። እኔም አየሁት። እሳቸው ሰዓታቸውን አዩ። ዕቃቸው ተጭኖ ነበር፤ መኪናውም ውጭ ጥሩምባውን ይነፋ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ከዚያ ወዲህ አምስት ወር ሊሞላ ነው፤ እኔ ግን ሌሎቹን ሁሉ ረስቼ ስለዚያች አንዲት ጥያቄ ብቻ ነው የማስበው። ደሙን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሐኪሙ አልጠየቁም፤ በሽተኛዋ አልጠየቀችም። እኔ በሰው ደጅ የዞርኩት፣ ሻሚል ሱቁን የዘጋው፣ እንድርያስ ጥሩምባውን የነፋው፣ ሠላሳ አንድ ሰው ቡናውን ጥሎ የመጣው ለአንድ ወረቀት ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አልጋው ለሕያዋን ስለተፈለገ ወደ ቤት ወሰድኳት። በየካቲት ሐኪሙ ሲመለሱ ተሸክመን አመጣናት፤ እግሯ አጥሯል፣ ጀርባዋ ቆስሏል። አሁን እዚህ እንደማይሆን፣ ጅማ ሄዳ መታየት እንዳለባት፣ ለዚያም የሪፈር ወረቀት እንዲጻፍላት ነገሩኝ። ካርድ ክፍሉ ለሟች ሪፈር አይጻፍም አለኝ። የቀበሌውን ደብዳቤ አስታወስኩት። ደብዳቤው አልጠፋም፤ አውጥቶ አሳየኝ። እናቴ በሕይወት እንዳለች የሚገልጸው ያ ደብዳቤ በሟችነቷ ካርድ ውስጥ በሥርዓት ተያይዞ ተቀምጧል።

6. ስለ ቀሪው

በእድሩ መዝገብ የእናቴ ጥሪ እንደተፈጸመ ሆኖ ሰፍሯል፤ ያን ቀን የቀሩት አባላትም በደንቡ መሠረት ተቀጥተዋል። እሷ በእውነት ስታርፍ ሁለተኛ ጥሩምባ ይነፋላት እንደሆነ አቶ ሳህሉን ስጠይቃቸው፣ ያን ጊዜ እንወያይበታለን ብለውኛል።

እናቴ ግን በየቀኑ በአይሱዙ እነማን እንደመጡ ትጠይቀኛለች። ሠላሳ አንዱንም በስም እቆጥርላታለሁ። ትደሰታለች። አንድ ቀን፣ «ሚርያም አልነበረችም?» አለችኝ፤ ሚርያም አጥር የምትጋራን፣ የአርባ ዓመት ጎረቤቷ ነች። ቡና ለቀማ ርቃ ሄዳ እንደነበር ነገርኳት። «ይሁን፤ እኔም ለእሷ አልሄድም» አለች። ከዚያ ሁለታችንም የማይታጠፈውን እግሯን አየን።

እንግዲህ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ የምለምንዎ አንድ ገጽ የሪፈር ወረቀት ነው። ካሳ አልጠየቅሁም፤ ይቅርታም አልጠየቅሁም፤ ማንም እንዲቀጣ አልፈልግም፤ ሲስተር ዲቦራም፣ በመስኮቱ ያለው ትሑት ልጅም በሥራቸው ይቆዩልን። ይህን ልመና በቃል አራት ጊዜ፣ በጽሑፍ ሦስት ጊዜ አቅርቤ፣ ሦስቱም ጽሑፎች በእናቴ ካርድ ውስጥ ገብተዋል፤ ካርዱ ከሞተች ወዲህ እየወፈረ ነው። ይህንን ለሰው ሁሉ በግልጽ የጻፍኩት ይሠራል ብዬ አይደለም፤ ሌላ የማደርገው ስላጣሁ ነው።

ለተነሳው ራጅ፣ ለአሸዋውና ለጀሪካኑ፣ ለፈጣኑ የካርድ አዘጋግ፣ ሐዘንተኛ ሳይፈተሽ ለሚያልፍበት በርዎ፣ እንዲሁም እናቴ በሕይወቷ ሳለች ማን እንደሚያለቅስላት እንድታይ ስላደረጋችሁላት ዕድል፣ ከዚህ በላይ የማመሰግንበት ቃል ስለሌለኝ በዚሁ ይብቃኝ እያልኩ፣ ሥልጣንዎ እንዲረዝም፣ አጥንትዎ እንዲጸና፣ ደምዎም ከአስር እንዳይወርድ ዘወትር የምመኝልዎ፣

አክባሪዎ
ይትባረክ ከፈለኝ
የሟች ልጅና አስታማሚ

ግልባጭ፦
ለላይ ሰፈር እድር፤
ለቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት፤
በደም ክፍሉ በር ላይ ካለው ወረቀት አጠገብ ለሚለጠፍ፤
ለወይዘሮ ማናልሞሽ ወልደጻድቅ፣ ባለችበት።

ከፊርማዬ በኋላ ያስታወስኩት፦ ባለፈው ሳምንት የሰፈራችን ጤና ጣቢያ የእናቴን ደም ሲለካ አስር ነጥብ ሁለት ሆኖ ተገኝቷል። ከኅዳር ወዲህ የቀዳባት ሰው ስላልነበረ ይመስለኛል። በበራችሁ ላይ በተለጠፈው መሠረት አሁን ለቀዶ ጥገና ብቁ ነች።